ምሁር አደባባይ ሲወጣ ምን ይዞ ይውጣ?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በወቅታዊ የፖለቲካ ጉዳዮች ላይ ለሕዝብ ይናገሩ ወይስ አይናገሩ የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ይናገሩ። አብዛኞቻችንን ያስተማረን የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ሌላው ሰው ከሥራው ተላቆ ሊያነበው የማይችለውን እንድናነብ ጊዜ የሰጠንም እሱው ነው። አገር ስለ ጦርነት፣ ስለ በጀት ወይም ስለ ምርጫ ሕግ ሲጨነቅ፣ ይህንኑ ጉዳይ ስናጠና ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች በር ዘግተን ብንቀመጥ ቦታው ባዶውን አይጠብቀንም። ሳያውቅ የሚደፍር ይይዘዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ስንወጣ ምን ይዘን ነው የምንወጣው? ማዕረጋችንን ብቻ ይዘን የምንወጣ ከሆነ ቤታችን ብንቀመጥ ይሻላል። ያወቅነውን፣ ያወቅንበትን መንገድና እውቀታችን የሚያበቃበትን ቦታ ይዘን ከወጣን ግን ከማንም የማያገኘውን ነገር ለሕዝቡ ሰጠነው ማለት ነው። ዛሬ የምከራከረው ለዚህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዝምታን የሚመርጡ ባልደረቦቻችን ብዙ ጊዜ ጀርመናዊውን የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ማክስ ዌበርን ይጠቅሳሉ። ዌበር ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ሙኒክ ውስጥ ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የፖለቲካ አቋሙን ከማስተማሪያው መድረክ ላይ መስበክ የለበትም ብሏል። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። ተማሪው ትምህርቱን የሚከታተለው ለኑሮው ሲል ነው፤ ፈተና አለበት፣ ውጤት ይጠብቃል፤ ተነስቶ መምህሩን ሊሞግት አይችልም። አፉን መክፈት በማይችል ሰው ላይ አቋምን መጫን ነውር ነው። በዚህ እኔም እስማማለሁ፤ በክፍል ውስጥ የማንን ፓርቲ እንደምመርጥ ተማሪዎቼ እንዳያውቁ እጠነቀቃለሁ።

ነገር ግን የዌበርን ክርክር የሚጠቅሱት ሰዎች ቀጣዩን ይዘሉታል። ፖለቲካ መስበክ የፈለገ ወደ አደባባይ ይውጣ፣ እዚያ ተቺ አለ፣ መልስ የሚሰጥ አለ ነው ያለው። ራሱም በዚያው በጦርነቱ ዘመን ፍራንክፉርተር ሳይቱንግ በተባለው ጋዜጣ የጀርመንን መንግሥት አሠራር የሚተቹ ጽሑፎችን ያወጣ ነበር። እንግዲህ ዌበር ለዝምታችን ምስክር አይሆነንም። የጠየቀን መልስ በሚሰጠን ሰው ፊት እንድንናገር ነው። ይህ ቀላል መስፈርት አይደለም። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንናገረው በሐሳብ ከሚመስሉን ጋር ብቻ ነው፤ የሚያጨበጭብልን እንጂ የሚሞግተን የሌለበትን መድረክ እንመርጣለን።

አሁን ምሁራን በአደባባይ ስለወደቁበት አንድ ቀን ልናገር፤ ጉዳዩ ከሁሉም በላይ የሚያስተምር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የምናገረው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ወር፣ 93 የጀርመን ሳይንቲስቶች፣ ጸሐፍትና የጥበብ ሰዎች ለሠለጠነው ዓለም የተጻፈ መግለጫ አወጡ። ከፈረሙት መካከል የኳንተም ፊዚክስን በር የከፈተው ማክስ ፕላንክ፣ ኤክስሬይን ያገኘው ቪልሄልም ረንትገን፣ ለቂጥኝ መድኃኒት ያገኘው ፓውል ኤርሊኽ፣ ኬሚስቱ ፍሪትዝ ሃበር ነበሩበት። መግለጫው ስድስት ጊዜ «እውነት አይደለም» እያለ ይክዳል። ጀርመን ጦርነቱን ጫረች መባሉ እውነት አይደለም፤ የቤልጅየምን ገለልተኝነት ደፈረች መባሉ እውነት አይደለም፤ ወታደሮቻችን በቤልጅየሟ ሉቨን ከተማ ላይ በጭካኔ ዘመቱ መባሉ እውነት አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በኦገስት 25 ሌሊት፣ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከነመጻሕፍቱና ከነብራናዎቹ ነዶ አመድ ሆኖ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች አልነበሩም። በየሙያቸው ያለማስረጃ አንዲት ዓረፍተ ነገር የማይጽፉ፣ የአንድን ሙከራ ውጤት ለማመን ደጋግመው የሚለኩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ሉቨን ውስጥ ስለሆነው ነገር ምን ለክተው ነበር? ማን ሄዶ አየ? ማንም አላየም። ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ ጽሑፉን እንኳ ሳያነቡ ስማቸው እንዲገባ መፍቀዳቸውን በኋላ ተናግረዋል። ፕላንክ በ1916 ለሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎሬንትዝ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ከመግለጫው የተወሰነ ርቀት ለመውሰድ ሞክሯል። ስሙ ግን መጀመሪያውኑ ሥራውን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ረንትገን ስለ ጨረር የነበረውን ተአማኒነት አንድ ጦር ሠራዊት ለራሱ ንጽሕና ተጠቀመበት።

በዚያው ወር የበርሊኑ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆርጅ ፍሪድሪክ ኒኮላይ ተቃራኒ መግለጫ አዘጋጀ። አውሮፓውያን ምሁራን ጦርነቱ የጋራ ባህላቸውን እንዳያጠፋ እንዲተባበሩ የሚጠይቅ ነበር። ለብዙ ባልደረቦቹ ላከው። የፈረሙለት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አልበርት አይንስታይን፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ቪልሄልም ፈርስተርና ኦቶ ቡክ። ፈርስተር ቀደም ብሎ የ93ቱንም መግለጫ ፈርሞ ነበር፤ ሐሳቡን መለወጡ ነው። የነኒኮላይ መግለጫ ፈራሚ አጥቶ በዚያን ጊዜ ሳይታተም ቀረ።

ይህን ታሪክ ስሰማ የሚያስጨንቀኝ የፈራሚዎቹ ብዛት አይደለም። የሚያስጨንቀኝ የፊርማ ወረቀት ዛሬም እንዴት እንደሚመጣብን ስለማውቅ ነው። በስልክ መልእክት ይመጣል፣ «እነ እገሌ ፈርመዋል፣ አንተ ብቻ ቀረህ፣ እስከ ማታ እንፈልገዋለን» ይላል። ስታነበው ከስድስቱ አንቀጽ ሁለቱን ታውቃለህ፣ አራቱን አታውቅም። ወዳጅ ማስቀየም ይከብዳል፣ ፈሪ መባልም ያሳፍራል። እኔ የምለው የምታውቋቸውን ሁለት አንቀጾች በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ማስረጃ ጻፉ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል።

ከዚያ ከ50 ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሌሊት አለ። በማርች 1965 አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ውስጥ እየገባች በነበረበት ጊዜ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለተቃውሞ የአንድ ቀን ትምህርት ለማቆም አሰቡ። የግዛቱ ፖለቲከኞችና የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ተቆጡ፤ ተማሪውን ትምህርት መንፈግ ምን ይሉታል ተባለ። መምህራኑ ተሰብስበው መከሩ፣ ተከራከሩ። አንትሮፖሎጂስቱ ማርሻል ሳህሊንስ ያመጣው ሐሳብ አሸነፈ፦ ትምህርት ከማቆም ይልቅ እንጨምር። ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ቬትናም እናስተምር።

ማርች 24 ማታ ተጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት ዘለቀ። 3,000 ያህል ሰው መጣ። በዚያን ጊዜ ሴት ተማሪዎች ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ከማደሪያቸው እንዳይወጡ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ ለዚያች ሌሊት ተነሣላቸው። መሐል ላይ ቦምብ ተጠምዷል የሚል ማስፈራሪያ ደርሶ አዳራሹ ተለቀቀ፤ ሰዉ ውጭ በብርድ ቆሞ ውይይቱን ቀጠለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደየክፍሉ ተከፋፍለው እስኪነጋ ተከራከሩ። ጦርነቱን የሚደግፉ ተማሪዎችም መጥተው ነበር፤ እነሱም ተናገሩ። በሳምንታት ውስጥ ሌሎች በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ፤ ሜይ 15 ቀን ዋሽንግተን ላይ በተደረገው አገር አቀፍ መድረክ የመንግሥትን ፖሊሲ የሚከላከሉና የሚቃወሙ ምሁራን ፊት ለፊት ተቀመጡ። የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደህንነት አማካሪ ማክጆርጅ በንዲ ሊከራከር ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ በመጨረሻ ሰዓት ቀረ፣ ውይይቱ ግን ያለ እሱ ተካሄደ።

ያች ሌሊት ጦርነቱን አላስቆመችም፤ ጦርነቱ ዓመታት ቀጥሏል። እኔን የሚማርከኝ መምህራኑ ይዘው የወጡት ነገር ነው። የወጡት ማስተማርን ይዘው ነው። የቬትናምን ታሪክ፣ ቬትናምን ለጊዜው ለሁለት የከፈለውን የ1954ቱን የጄኔቫ ስምምነት፣ የጦርነቱን ሕጋዊነት ዘርዝረው አስረዱ፤ የሚጠይቅ ጠየቀ፣ የሚቃወም ተቃወመ። አድማጩ አዳራሹን ሲለቅ ከመምህሩ ጋር ባይስማማም እንኳ መምህሩ ለምን እንደዚያ እንዳመነ ያውቃል። የ93ቱን መግለጫ ያነበበ ሰው ግን የሚያውቀው እነማን እንደፈረሙ ብቻ ነው።

መንገዱን ማሳየት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ላስረዳ። በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች ያወጡት ጥናት፣ የበለጸጉ አገሮች የመንግሥት ዕዳ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ሲያልፍ አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች፣ 0.1 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ወቅቱ የአውሮፓ መንግሥታት በዕዳ የተጨነቁበት ነበር። ቁጥሩ በአውሮፓም በአሜሪካም በፖለቲከኞች ንግግር ውስጥ ገባ፤ የመንግሥት ወጪ ይቀነስ ለሚለው ክርክር ማስረጃ ሆነ። ከዚያ ጀርባ የሆስፒታል በጀት አለ፣ ጡረታ አለ፣ የመምህራን ደመወዝ አለ።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ቶማስ ሄርንደን የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ለኮርስ የቤት ሥራ የታተመ ጥናትን ራሱ ሠርቶ እንዲያረጋግጥ ታዘዘና ይህንኑ መረጠ። ውጤቱ እምቢ አለው። ለደራሲዎቹ ጻፈ፤ እነሱም የኤክሴል ፋይላቸውን ላኩለት። ከፍቶ ሲያየው አማካዩን የሚያሰላው ቀመር ከ30ኛው እስከ 49ኛው መስመር መሄድ ሲገባው 44ኛው ላይ ቆሟል። አምስት አገሮች፣ ከአውስትራሊያ እስከ ዴንማርክ፣ ከስሌቱ ውጪ ቀርተዋል። አመዛዘኑም አከራካሪ ነበር፤ ኒው ዚላንድ ከፍተኛ ዕዳ ያለባት ሆና የተቆጠረችበት አንድ ዓመት፣ ከእንግሊዝ 19 ዓመታት ጋር እኩል ክብደት ተሰጥቶታል። ሄርንደን ከሁለት መምህራኑ ጋር በ2013 ባወጣው ጽሑፍ አማካዩ ሲስተካከል 2.2 በመቶ ዕድገት እንደሚሆን አሳየ። ራይንሃርትና ሮጎፍ የቀመሩን ስህተት አመኑ፤ ከፍተኛ ዕዳና ዝቅተኛ ዕድገት አብረው ይሄዳሉ የሚለውን ዋና ሐሳባቸውን ግን አልተዉም። ክርክሩ ዛሬም አለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱን ኢኮኖሚስቶች ለመውቀስ አልመጣሁም፤ ፋይሉን ሲጠየቁ ሰጥተዋል፣ ብዙዎቻችን የማናደርገውን። የሚያሳዝነኝ ሦስት ዓመት ያህል ቁጥሩ ከመድረክ መድረክ ሲዞር ፋይሉ አብሮት አለመዞሩ ነው። የጠቀሱት ፖለቲከኞች የጠቀሱት የደራሲዎቹን ስምና የዩኒቨርሲቲያቸውን ስም ነው። ስለዚህ ለሕዝብ ቁጥር ስንሰጥ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳልገባበት፣ ማን እንደሚቃወመው አብረን እንስጥ። ማንም አይከፍተውም ብላችሁ አትተዉት፤ አንድ ተማሪ ይከፍተዋል።

አሁን ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ልምጣ። ጋዜጠኛ ሲደውል የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ትንቢት ነው። መንግሥት ይወድቃል? ስምምነቱ ይጸናል? ጦርነት ይነሣል? ፊሊፕ ቴትሎክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ 284 የፖለቲካና የኢኮኖሚ ባለሙያዎችን ትንበያ ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል አሰባስቦ ከሆነው ነገር ጋር አመሳከረ። በ2005 ያወጣው ውጤት ለሙያችን መራራ ነው፤ የባለሙያዎቹ አማካይ ትንበያ በጭፍን ከመገመት እምብዛም አልተሻለም። በመገናኛ ብዙኃን ይበልጥ የሚታወቁት ደግሞ ከማይታወቁት ይልቅ ይሳሳቱ ነበር። ይህ የሚገርም አይደለም። «ነገሩ በሦስት ነገሮች ላይ ይወሰናል» የሚል ሰው ለአዘጋጁ አይመቸውም፤ «አዎ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይወድቃል» የሚለው ይመቸዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እሱው ይጠራል።

ስለዚህ አየር ላይ ልትሉት የምትችሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ላውሳችሁ፤ እኔ ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ። «እስካሁን የነገርኳችሁ ያጠናሁትን ነው፤ ከዚህ በኋላ የምለው እንደ ማንኛውም ዜጋ የማምንበትን ነው።» ይህን ያለ ሰው አቋሙን አልደበቀም፣ በማዕረጉም አልሸፈነውም። አድማጩ የቱን ከባለሙያ እንደሰማ፣ የቱን ከጎረቤቱ ሊሰማው ይችል እንደነበረ ይለያል። አዘጋጁ ይቆርጠዋል ብላችሁ ከሰጋችሁ ከመቀረጹ በፊት እንዳይቆረጥ ጠይቁ። እምቢ ካለ እናንተም እምቢ በሉ።

ይህን ስል ግን ሁለቱንም ወገን እኩል አስቀምጡ፣ መሐል ሰፋሪ ሁኑ ማለቴ አይደለም። በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የሉቨን ቤተ መጻሕፍት ወይ ተቃጥሏል ወይ አልተቃጠለም። ሰው ወይ ተገድሏል ወይ አልተገደለም። ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ሲያደላ ምሁሩም አብሮ ማድላት አለበት፤ ይህን ሳያደርግ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ለራሱ ሰላም ሲል ሕዝቡን አታልሏል። ጥንቃቄ የሚባለው ነገር ማስረጃው እስከሚያደርሰን ድረስ መሄድንም ይጨምራል። ከዚያ በፊት መቆምም ጥፋት ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። ጥናታችንን የምናሳትመው የደረጃ እድገት በምናገኝበት ቋንቋና በሚቆለፍ ጆርናል ውስጥ ነው። የተጠናው ሰው አያገኘውም፤ ቢያገኘውም አይገባውም። እያንዳንዱ ጥናት ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ በአደባባይ መናገር ዋጋ ያስከፍላልና። በ1900 ከባለቤቷ ጋር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን የመሠረተችው ጄን ስታንፎርድ ኤድዋርድ ሮስ የተባለውን ኢኮኖሚስት በፖለቲካ ንግግሮቹ ምክንያት ከሥራ አስወጣችው። ከንግግሮቹ አንዱ የጃፓን ስደተኞችን የሚቃወም፣ ዛሬ ስናነበው የሚያሳፍር ዘረኝነት ያለበት ነበር። ሆኖም በርካታ ባልደረቦቹ በመባረሩ ተቃውሞ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከእነሱ አንዱ ፈላስፋው አርተር ላቭጆይ ነው። በ1915 ከፈላስፋው ጆን ዱዊ ጋር ሆኖ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮችን ማኅበር አቋቋመ። የአካዳሚክ ነፃነት ጥበቃ ለሚወደድ ሐሳብ ብቻ ተብሎ እንዳልተሠራ አስታውሱ። ማኅበሩ በ1940 ባጸደቀው መግለጫ መምህር እንደ ዜጋ ሲናገር ተቋሙ ሊያፍነው እንደማይገባ ደንግጎ፣ መምህሩም በተራው እንዲጠነቀቅ፣ እውነቱን እንዲያጣራ፣ ለተቋሙ እየተናገረ እንዳልሆነ ግልጽ እንዲያደርግ ጠይቋል። ለእኔ ሁለቱ ግማሾች አይነጣጠሉም።

በእኛ ዘመንም ጃንዋሪ 2016 በቱርክ 1,128 ምሁራን በኩርዶች አካባቢዎች የሚካሄደው ወታደራዊ ዘመቻ እንዲቆምና ወደ ሰላም ድርድር እንዲመለሱ የሚጠይቅ ጽሑፍ ፈረሙ፤ በኋላ ፈራሚዎቹ ከ2,000 በላይ ሆኑ። ብዙዎቹ በሽብር ፕሮፓጋንዳ ተከሰሱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ከሥራ ተባረሩ፣ የብዙዎቹ ፓስፖርት ተሠረዘ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በጁላይ 2019 ሐሳብን የመግለጽ መብታቸው መጣሱን ወሰነ። ፍትሕ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ተኩል ያለ ደመወዝ፣ ያለ ማስተማር የቆየ ሰው ያጣው ጊዜ በፍርድ አይመለስለትም።

ስለዚህ ጀግንነትን ብቻ አትጠብቁ፤ ደንብ ሥሩ። የኒው ዚላንድ ሕግ ዩኒቨርሲቲን ከሌላ ተቋም የሚለይባቸውን ባሕርያት ሲዘረዝር የኅብረተሰቡ ተቺና ሕሊና የመሆንን ሚና ይጨምራል። እዚያ የሚያስተምር ሰው በአደባባይ ሲናገር ከሥራው ውጪ የሆነ ነገር እያደረገ አይደለም፤ ሕጉ የሥራው አካል አድርጎለታል። በሌላ በኩል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1967 ባወጣው ሪፖርት፣ ተቺዎቹ መምህራኑና ተማሪዎቹ እንጂ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዳልሆነ፣ ተቋሙ በፖለቲካ አቋም ከያዘ በውስጡ የሚቃወሙትን እንደሚያፍን ተከራክሯል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ እፈልጋቸዋለሁ፦ ተቋሙ ራሱ ከመፈክር ይራቅ፣ ለሚናገሩት ሰዎቹ ግን ከለላ ይሁን።

እንግዲህ ለሴኔታችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ለሕዝብ የተጻፈና ማስረጃው የተገለጸ ሥራ በደረጃ እድገት ይቆጠር። በሙያው በተናገረው ምክንያት የሚከሰስ ወይም የሚዛትበት መምህር ከዩኒቨርሲቲው የሕግ ድጋፍ ያግኝ፤ በኮንትራት የሚሠራው ደግሞ ውሉ በዚህ ምክንያት እንደማይቋረጥ በጽሑፍ ይረጋገጥለት፣ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነውና። በየወሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ማታ ይኑረን፤ በእያንዳንዱ መድረክ ላይ ተናጋሪውን የሚሞግት ሌላ ባለሙያ ይቀመጥ። ጀማሪ መምህር አከራካሪ ርእስ ይዞ ሲወጣ አብሮት አንድ ነባር ፕሮፌሰር መድረኩ ላይ ይውጣ፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ለነባሩ ይቅረብ። ከነባሮቹ መካከል እኔ ፈቃደኛ መሆኔን ለትምህርት ክፍሌ በጽሑፍ አስታውቄያለሁ፤ ሌሎቻችሁም ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን በር ላይ ባለው መዝገብ ላይ አስፍሩ።